ሰፍያ የደፋችው ኮሶ

ይድረስ ለልጄ ለሽፋ ሀቢቡ፣ ድሬዳዋ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ለመደህ? አጎትህ ጀማሉ፣ ሚስቱ አሚኔ፣ ልጆቻቸውስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዝናብ ገብቷል፣ እንሰቱም ቀና ብሏል።

አሁን የምነግርህን አባት ለልጁ አይጽፍም። እናትህ ስለሌለች እኔው እጽፈዋለሁ።

አንተ ለአረፋ መጥተህ ከተመለስክ ሁለት ወር አለፈ። ያኔ የበላነው ጥሬ ሥጋ ሥራውን ሠርቶ፣ ሚስትህ ሰፍያ ኮሶ እንደታያት ጎረቤታችን ከድጄ ነገረችኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ፈቃደ የኪኒን ዘመን መጥቷል ይለኛል፤ ይበል። እኔ ከዘቢዳር ተራራ፣ ከሴቴዋ ዛፍ ቀዩን አበባ ለቅሜ ሳጠጣ አርባ ዓመቴ ነው። የወንዴው ያስታውካል እንጂ አያሽርም። አያትህ፣ ለቃሚ ከዛፉ ሥር ካወራ አበባው ይሰንፋል ትል ነበር፤ እስከ ዛሬ አፌን ዘግቼ እለቅማለሁ። ለሴት ስሰጥ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እርጉዝ ኮሶ አትጠጣም፤ ፅንስ ያስወርዳልና።

ሰፍያን አልጠየቅኋትም። አማት ምራቱን ይህን እንዴት ይጠይቃል? በከድጄ ማስጠየቅ እችል ነበር፤ አፈርኩ።

ማክሰኞ ማለዳ የግቢውን በር ዘጋሁ፤ ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አያይም። ወቅጬ በጥብጬ ቅሉን በከድጄ እጅ ላክሁላት። እንደ ወጉ ፊቷን ሸፍና ተቀበለችና ወደ እንሰቱ ዞር አለች። ብመለከት ሁሉንም ከእንሰቱ ሥር ደፍታዋለች። ተቆጣሁ። በእኔ ቤት ኮሶ ተደፍቶ አያውቅም፤ መድኃኒቴን የናቀች፣ እንሴኖ ወዳለው አባቷ ቤት ትሂድ አልኩ። ገብታ ልብሷን መቋጠር ጀመረች።

ከድጄ ተከትላት ገባች። ስትወጣ፣ ምላሷን ታውቀዋለህ፣ የሽፋ አባት፣ ያገሩን ሆድ ስታክም ኖረህ የቤትህን ሆድ አላወቅህም፤ ልጅቷ አርግዛለች፣ ለማን ትናገር፣ ላንተ? አለችኝ። ሰፍያ እኔን አፍራ ጨልጣው ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጄን በገዛ እጄ ባጠፋሁ ነበር።

ከጣራው የተንጠለጠለውን ኮሶ ሁሉ አውርጄ ጥያ ላለው ለኮሶ አጠጪው ለሙስተፋ ላክሁት። እስክትወልድ ድረስ ኮሶ እዚህ ቤት አይገባም። እኔንም ኮሶው ታይቶኛል፤ እችለዋለሁ።

የልብስ ቋጠሮዋን ግን እስከ ዛሬ አልፈታችም። ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ይቅርታዬን ፊት ለፊት ልነግራት ወጉ አይፈቅድም፤ በከድጄም አልልክም፤ መንደሩን ታዳርሰዋለች። ስለዚህ ለሰፍያ ደብዳቤ ጻፍ። እንደ ልማዳችን እኔ ከግርግዳው ወዲህ ሆኜ አነባለሁ፣ እሷ ከወዲያ ትሰማለች። አባቴ በድሎሻል፣ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ቤቱም ያንቺ ነው በል። አታሳጥረው፤ አታለስልሰው። አንድ ቃል ሳልዘል አነበዋለሁ።

ለጀማሉና ለአሚኔ ሰላምታዬን አቅርብ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። እኅትህ ኡሚ ከቆሼ ከተማ፣ ከድጄም ከነቤተሰቧ ሰላም ብለውሃል። ሰፍያ ሰላም በልልኝ አላለችኝም። እኔ ግን ሰላም ትልሃለች ብዬ ጽፌያለሁ።

አባትህ ሀቢቡ
ቡታጅራ፣ ግንቦት 18 ቀን 1959 ዓ.ም.