አቶ ባዬ ተቀባና ያች የግንቦት ቅዳሜ

አቶ ባዬ ተቀባ ከአባታቸው ከአቶ ተቀባ ውብነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ አየለ በ1941 ዓ.ም. ከጎንደር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በወለቃ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥለው የተወለዱት ሦስቱ በሕፃንነታቸው ስላረፉ የተረፍነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እኔ ታናሽ እህታቸው ሙሉእመቤት ተቀባ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠሩት ምን ሲያወሩ እንደኖሩ ኋላ ትሰማላችሁ። የጻፈችው ልጃቸው አስካለች ናት፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው። «አክስቴ፣ ይኸ ለቀብር አይሆንም፣ ይውጣ» ያለችኝን ሁሉ እንዳታወጣው አስምያታለሁ።

አቶ ባዬ ዕድሜያቸው ሲደርስ ኦሪቱን ከአባታችን ተምረው፣ ከዚያ ጎንደር ከተማ ትምህርት ቤት ገቡ። ጠዋት በእግር ሄደው ማታ በእግር ይመለሱ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በ1960 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ ከነበረው የመምህራን ኮሌጅ ገቡ። ከመንደራችን ኮሌጅ የረገጠ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። አባታችን መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ አስቁመው «ባዬ ልጄ ኮሌጅ ገባ» ይሉ ነበር። «ልጄ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቁመታቸው ረጅም ስለነበረ ኮሌጁ ለኳስ በረኛ አደረጋቸው። ኳስ ምን እንደሚጠቅም እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሃያ ሁለት ጎልማሳ አንድ ቆዳ ሲያባርር ይውላል፣ ሥራ የፈታው ደግሞ ዳር ቆሞ ይጮሃል። በዚያን ጊዜ የመምህራን ኮሌጅና የጤና ኮሌጅ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይጋጠሙ ነበር። የጤናዎቹ መምህራኑን «ጠመኔ በላ» ይሏቸዋል፤ መምህራኑ ደግሞ የጤናዎቹን «መርፌ ወጊ» ይሏቸዋል። በዚህ የተነሳ ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ሳምንት ሙሉ አይነጋገርም። የተማረ ሰው ሥራው ይኸ ነበር።

ጨዋታው ሁልጊዜ እሑድ ይደረግ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግን ጨዋታውን ለማየት ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሥልጣን እሑድ ተመላሽ ነው ተብሎ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ቅዳሜ ለእኛ ለቤተ እስራኤል ምን እንደሆነ እዚህ ለቆማችሁ አላስተምርም። አቶ ባዬ «ሰንበቴ ነው፣ አልችልም» አሉ። ጓደኞቻቸው «ፈሪ» አሏቸው። ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ ፈሪ የተባለ የሃያ ዓመት ልጅ የሚያደርገውን አደረጉ፣ ገቡ። ሜዳው ላይ የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን የተወራውን ስሙ።

በማግስቱ እሑድ የመንደራችን ልጅ አቶ ጥላሁን ከተማ ወርደው ወሬውን ቃረሙና እየሮጡ ተመለሱ። «ባዬ ሪጎሬ አዳነ፣ እንደ ንስር በረረ፣ በሰው ትከሻ ከተማውን ዞረ» እያሉ ቤት ለቤት ተናገሩ። ሪጎሬ የሚሉት አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ለበረኛው ብቻ የሚመታው ምት ነው፤ ይኸንንም ያወቅኩት ከእሳቸው ጩኸት ነው። አቶ ጥላሁን ያን ቅዳሜ ወለቃ ከጸሎት ቤት ሲወጡ እናታችን ሰላም ብለዋቸዋል። ጎንደር ያለውን ሜዳ በየትኛው ዓይናቸው እንዳዩት እሳቸው ይንገሩን።

አባታችን ሰሙ። ሌላውን ትተው «በሰንበት በረረ» የምትለዋን ብቻ ሰሙ። ማታ አቶ ባዬ ሲመጡ ሳህናቸው ከደጅ ጠበቃቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት ገብተው ከአባታችን ጋር አልበሉም። «ልጄ» መባልም ቀረ፤ «ያ ሰውዬ» ሆኑ።

በ1962 ዓ.ም. ተመርቀው ዳባት አካባቢ አስተማሪ ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. ከትግራይ ከመጡት ከአቶ ኣብረሃ ልጅ ከወይዘሮ ሕሪት ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አባታችን ሠርጉ ላይ አልተገኙም። እናታችን በ1972 ዓ.ም. ሲያርፉም ሁለቱ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

በ1976 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ብለን በእግር ወደ ሱዳን ስንወጣ አባታችን መንገድ ላይ ታመሙ። አቶ ባዬ አሥራ አንድ ቀን በጀርባቸው ተሸከሟቸው። አባታችን እዚያ ጀርባ ላይ ሆነው ውኃ ሲፈልጉ እንኳ «ሙሉእመቤት፣ ያን ሰውዬ ቁም በይው» ይሉኝ ነበር። ወንድሜ ሰምተው ይቆማሉ። ሰንበት ስለማንሄድ አንድ ቀን ከዛፍ ሥር ዋልን፤ አባታችን በአንድ በኩል፣ ወንድሜ በሌላ በኩል፣ እኔ መሐል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። አባታችን ሱዳን መጠለያው በደረስን በዘጠነኛው ቀን አረፉ። የቀበሯቸው ያ ሰውዬ ናቸው።

በ1977 ዓ.ም. እስራኤል ገብተው ሐይፋ፣ ክርያት ሐይም ኖሩ። የአስተማሪነት ወረቀታቸውን አንዲት ጸሐፊ ገለባብጣ አይታ «ያፌ» ብላ መለሰችላቸው፤ ቆንጆ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ወረቀት ያየላቸው የለም። በባሕረ ሰላጤው አጠገብ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ አሥራ አራት ዓመት ሠሩ፤ ቀጥሎም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበሩ። አቶ ጥላሁን «ባዬ፣ ዛሬም በረኛ ነህ» አሏቸው። ይቺን ቀልድ ከዓመት ዓመት መላልሰው ብቻቸውን ሳቁባት።

አሁን እዚህ ከቆማችሁት መካከል ያን ጨዋታ በዓይናችን አይተናል የሚሉ ስድስት ሽማግሌዎች አሉ፤ አለቃቸው አቶ ጥላሁን ናቸው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቢራቸውን ይዘው ወንድሜ ቤት ይመጣሉ። አንዱ ወደ ግራ በረረ ይላል፣ አንዱ ወደ ቀኝ። አንዱ ዝናብ ነበር ሲል፣ ሌላው አቧራው ዓይን አያስገልጥም ነበር ይላል። አቶ ጥላሁን በስልሳ ዓመታቸው አበራረሩን ላሳያችሁ ብለው ከሶፋው ላይ ተወርውረው ትከሻቸው ወልቆ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ንስሩ እንግዲህ እሳቸው ነበሩ። ቀኑን ደግሞ ስሙልኝ፤ መንደር ሲያወሩት ቅዳሜ ነበር፣ እዚህ መጥተው ኪፓ የሚሉትን የአማኝ ቆብ ካደረጉ በኋላ እሑድ ሆነ።

ወንድሜ ጥግ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። የልጅ ልጃቸው ኢንባር አንድ ጊዜ «ሳባ፣ አያቴ፣ አንተ ለምን አትናገርም?» አለቻቸው። «እነሱ ይንገሩሽ፣ የነበሩት እነሱ ናቸው» አሏት። ስድስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ የገባው አንድ አልነበረም።

አቶ ባዬ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሦስት ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በመኪና ሲታጠብ ቆይቶ፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሕሪትን፣ ልጆቻቸውን አስካለችን፣ ኦፈርንና ሊኦራን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል።

ትናንት አስከሬኑ ገና ሳይታጠብ አቶ ጥላሁን ቤት መጡ። «መቃብሩ ድንጋይ ላይ ኳስ እናስቀርጽለት፣ ከላዩም የሚበር ንስር፣ ሕዝቡ እንዲያስታውሰው» አሉ። ልጆቹን እያዩ «ቤሰደር? እሺ ነው?» አሉ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ቤሰደር አይደለም፣ አቶ ጥላሁን። ወንድሜን አባታቸውን ያሳጣቸውን ወሬ ድንጋይ ላይ ልትጽፉባቸው ነው። ይኸን ያስጻፍኩት ለዚህ ነው፤ አሁን ቆመው ይስሙ።

ያን ሳምንት ዓርብ አባታችን ባዬን ለሰንበት ይዤ እንድመጣ ከተማ ላኩኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ አልመጣም አሉ። ፀሐይ ጠለቀች፣ ሰንበት ገባ፣ መንገድ ስለማይኬድ እዚያው ከተማ ከአክስታችን ቤት አደርኩ። ቅዳሜ አክስታችን ምሳ በልተው ሲተኙ ወጣሁና ጩኸቱን ተከትዬ ሄድኩ። ከበረኛው ኋላ፣ ከመረቡ ጀርባ ቆምኩ። እስከዚያ ድረስ ወንድሜ ይጫወቱ ነበር፤ በሬሳ ፊት አልዋሽም። ሪጎሬው ሲሰጥ ዞር አሉና አዩኝ። ነጭ የሰንበት ቀሚሴን ለብሻለሁ። ቆይተው ወደ መቺው ዞሩ፣ ሁለቱን እጃቸውን ወደ ታች ለቀቁ፣ ቆሙ። አልበረሩም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላሉም። ጨዋታውን ትተውት ነበር። ኳሱ መጥቶ ደረታቸውን መታና ተመለሰ፤ ሕዝቡ አበደ። እሳቸው በመረቡ ጎን ወጥተው እጄን ይዘው ሄዱ። ትከሻ ላይ የወጣ ሰው የለም። እናንተ ሃምሳ ስድስት ዓመት በረሩ ስትሉ የኖራችሁት፣ ሰንበት ነው ብለው ጣታቸውን ያላነሱበትን ሰዓት ነው።

ከአክስታችን ደጅ ሲያደርሱኝ «አንቺ ሜዳ አልነበርሽም፣ እኔም አላየሁሽም» አሉኝ። የእኔም ሳህን ደጅ እንዳይወጣ ነው። እውነቱን ቢናገሩ ምስክራቸው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ፈራሁ እንበል። ሱዳን መንገድ ከዚያ ዛፍ ሥር ግን የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። እነዚህ ስድስቱ ሳይኖሩ ነበርን አሉ፤ እኔ ኖሬ አልነበርኩም አልኩ። እነሱን ስንቅ ኖሬአለሁ። ከእነሱ ብሼ የተገኘሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ድንጋዩ ላይ ኳስ አይቀረጽም፣ ንስርም አይቀረጽም። «ባዬ፣ የተቀባ ልጅ» ተብሎ ይጻፍ። ሌላ አንድም ቃል አይጨመርበት።

ሰንበትን የሰጠን አምላክ ወንድሜን ከድካማቸው ያሳርፍልን፤ ለሕሪትና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። አባዬ፣ እርስዎም ካሉበት ይስሙኝ። ያን ቅዳሜ እኔም ሜዳ ነበርኩ። ባዬ እጁን አላነሳም። ልጅዎ ዛሬ ወደ እርስዎ መጥቷል፤ ሳህኑን ከደጅ አንሥተው ወደ ቤት ያስገቡለት።