ስለ መምህር ነገራ ጉዲና እና በሩን ስለዘጋባቸው ልጅ

ቀን፦ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጉለሌ ክፍለ ከተማ
ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በድልድይ በር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጥበቃ ሠራተኛ የነበረው ወጣት ቶለሳ ሾዴ ወደ ሥራው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ወ/ሮ ወለተማርያም ስብሐት፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ፣ መኖሪያዬም ቀጨኔ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ቁልቁለት ነው። የሟቹ የመምህር ነገራ ጉዲና ባለቤት ነኝ። ሟቹን በአካል ባያውቋቸውም በሰኔ ወር በየሰው ስልክ ሲዞር የከረመውን ቪዲዮ አይተው ይሆናል። ቱታ የለበሱ፣ ፊሽካ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ዝናብ ላይ ቆመው፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የትምህርት ቤት በር ሲዘጋባቸው የሚያሳየው ነው። ሽማግሌው ባለቤቴ ናቸው። ይህን አቤቱታ የምጽፈው ግን ስለ ጥበቃው ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ አቤቱታ አጭር መሆን እንዳለበት አላጣሁትም። ይህኛው ቢረዝምብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰውየውን ማንነት ሳልነግርዎ የልጁን ጉዳይ ማስረዳት አልቻልኩም።

1. ባለቤቴ በ1939 ዓ.ም. ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚያወርደው ጋራ ሥር ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ለትምህርት ወደ ከተማ ሲመጡ ነው። በመምህርነት ሠልጥነው በ1960 ዓ.ም. ድልድይ በር ትምህርት ቤት ጂኦግራፊና ስፖርት እንዲያስተምሩ ተመደቡ። በዚያው ቀን ጉልላት የሚባሉ የሒሳብ መምህርም ተመድበው ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ቀጨኔ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዷን ካፖርት እየተፈራረቁ እየለበሱ፣ እንደ ወንድማማች ኖሩ።

2. በ1969 ዓ.ም. አገር ስትወረር ሁለቱም ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ወደ ምሥራቅ ግንባር ዘመቱ። ባለቤቴ በዓመቱ ግራ ጉልበታቸውን ተመትተው ተመለሱ። መምህር ጉልላት አልተመለሱም። እንዴት እንደሆነ ባለቤቴ ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለእኔም ጭምር። በተጋባን ሰሞን አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ «እሱን ነገር ተይው ወለቴ» አሉኝና ወደ ጓሮ ወጡ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

3. እኔና እሳቸው የተዋወቅነው በማመልከቻ ነው። በ1972 ዓ.ም. እኔ ወደምሠራበት ቢሮ አንድ የሚያነክሱ መምህር ለሴት ተማሪዎች የሩጫ ጫማ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይዘው መጡ። «በትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን በታይፕ ስመታ አስቆሙኝ። «እህቴ፣ 'እለምናለሁ' ይውጣ፤ 'እጠይቃለሁ' ይሁን። ልጆቹ ለማኝ አይደሉም» አሉኝ። ጫማው አልተፈቀደም። እሳቸው ግን በሳምንቱ ሌላ ማመልከቻ ይዘው መጡ፤ ከዚያም ሌላ። ኋላ የሚጠይቁት ነገር አልቆባቸው ባዶ እጃቸውን መጡ። በ1973 ዓ.ም. ተጋባን። የወለድናቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ዛሬ አንዷ ሐዋሳ፣ አንዷ አዳማ ትዳር ይዘው ይኖራሉ።

4. እግራቸው ስለማይፈቅድላቸው የሚያሠለጥኑት በፊሽካ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሜዳ እንደ ሰፈራችን ሁሉ ያዘነበለ ነው፤ የወጣ ኳስ ካልያዙት ወንዝ ይገባል። በዚያ ሜዳ ላይ ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬ ሐኪምም ሹፌርም ሆነዋል። ከእነሱ አንዷን ብቻ ልጥቀስ። አሁን የፋርማሲ ባለቤት የሆነችው ወ/ሮ ሪሐና በዱላ ቅብብል የመጨረሻዋ ሯጭ ነበረች። በትምህርት ቤቶች ውድድር ዱላው ከእጇ አመለጠ። ተመልካቹ ሲጮህባት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ እያነከሱ ሜዳውን አቋርጠው አጠገቧ ደረሱ። «ተነሺና ጨርሺው፤ ሰዓቱን አላቆምኩትም» አሏት። ሌሎቹ ገብተው ውኃ ሲጠጡ እሷ ብቻዋን ሮጣ ጨረሰች። እሳቸውም የገባችበትን ሰዓት እንደ አሸናፊ ጮክ ብለው ተናገሩላት። ይህን የነገረችኝ ለቅሶ ላይ ራሷ ናት። እሳቸው እንዲህ ያለውን ነገር ቤት መጥተው አያወሩም ነበር።

5. በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ከሜዳው ግን አልወጡም። ጤናቸው እስከፈቀደ ድረስ ማለዳ ማለዳ በነጻ ያሠለጥኑ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጡበትን፣ ቀጥሎ የልጆቻችንን ስም። ሐኪሙ ሕመሙ ቢዘገይ እንጂ እንደማይድን ነገረን። ከዚያ ያላሰብኩት መጣ፤ አማርኛው ይርቃቸው ጀመር። በአማርኛ የጀመሩትን ወሬ በኦሮምኛ ይጨርሱታል። ዓመት ሳይሞላ ጨርሰው ወደ እናታቸው ቋንቋ ተመለሱ። እኔ የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። አርባ አራት ዓመት አብሬያቸው የኖርኩት ሰው ሲያወሩኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ መስማት ሆነ ሥራዬ። እንዳልገባኝ ሲያውቁ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከሕመሙ ይልቅ ይጎዳኝ ነበር።

6. ትምህርት ቤቱን ግን አልረሱም። በየማለዳው ቱታቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። በር ስቆልፍባቸው እየደበደቡ ስለሚያለቅሱ መቆለፉን ተውኩት። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ ከውጭ ማንም ሰው እንዳይገባ ደንብ አወጣ። ለልጆች ደኅንነት ተብሎ የወጣ ነው፤ ባለቤቴ ጤነኛ ቢሆኑ እሳቸውም ይደግፉት ነበር። ይህን ደንብ ማስከበር ያኔ አዲስ ለተቀጠረው ለቶለሳ ሾዴ ደረሰ።

ቪዲዮው የማያሳየው የሚከተለውን ነው። ቶለሳ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ለባልደረባው አደራ ብሎ በትንሿ በር ይወጣና ባለቤቴን በክንዳቸው ይዞ ቁልቁለቱን ያወርዳቸዋል። ይህን ያደርግ የነበረው በየማለዳው ነው። በኦሮምኛ ሲያወሩ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ሲስቁም ይሰማኛል። እኔ ዘንድ የጠፋ ሳቅ ነበር። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ «ምን እያላችሁ ነው የምትስቁት?» አልኩት። «ስለ ላም ነው እማማ፤ ልጅ ሆነው ስለጠፋችባቸው ላም» አለኝ። እንዲህ ያለች ላም መኖሯን እስከዚያች ቀን ሰምቼ አላውቅም።

7. በሰኔ ወር የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሚሰጥበት ዕለት እኔ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልቀበል ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ እንደ ልማዳቸው ወጡ፤ ዝናቡም መጣ። በፈተና ቀን ጥበቃ ከበሩ ንቅንቅ እንዳይል፣ ስልኩንም እንዲያስረክብ ታዝዟል። ቶለሳ በሩን ዘጋ። ቪዲዮው እዚህ ላይ ይቆረጣል። ከተቆረጠ በኋላ ልጁ የራሱን የዝናብ ልብስ አውልቆ በፍርግርጉ በኩል አቀበላቸው። በዚያ የምታልፍ አንዲት አትክልት ሻጭም ቤት እንድታደርሳቸው ለመናት። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ እጃቸውን ይዛ ሄደች። ባለቤቴ ግን ስላላወቋት መንገድ ላይ እጃቸውን ነጥቀው ተመለሱ። በአጥሩ ጀርባ ዞረው ሌላ መግቢያ ሲፈልጉ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

8. ሆስፒታል አንድ ሳምንት ያህል ተኙ፤ በዚያው ሳንባቸው ታመመ። በመጨረሻ የሚሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ጉልላት ገሌራ፤ ጉልላት ገሌራ»። ድምፃቸው ስለደከመ ነርሶቹም አልለዩትም። እኔ የጓደኛቸውን ስም ብሰማም የቀረው አልገባኝም። ውኃ ፈልገው ይሆን? አሟቸው ይሆን? እያልኩ ከንፈራቸውን አረጥብ ነበር። ሰኔ 14 ቀን ማለዳ እጃቸውን እንደያዝኩ አረፉ።

9. በሦስተኛው ቀን ቶለሳ ለቅሶ መጣ። ቪዲዮው ያን ሰሞን ከተማውን አዳርሶ ነበርና ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የቀድሞ ተማሪዎች አወቁት። «ደግሞ ደፍረህ መጣህ!» ብለው ኮሌታውን ያዙት። አልተከላከለም። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ «ልቀቁት! ባለቤቴን በየቀኑ ቤቴ ያደርስልኝ የነበረ ልጅ ነው» አልኩ። እጁን ይዤ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ከዚያም «ቶለሳ፣ 'ገሌራ' ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። «'ቤቱ ገብቷል' ማለት ነው እማማ» አለኝ።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ባለቤቴ በየማለዳው በሩ ላይ ቆመው «ጉልላት ውስጥ ቀርቷል፤ ልውሰደው፤ ጥዬው መምጣት አልነበረብኝም» ይሉት ነበር። ግንባር ላይ ጓደኛቸው ቆስለው ሲወድቁ ባለቤቴ ቃሬዛ ላምጣ ብለው ትተዋቸው ሄዱ፤ ሊመለሱ ሲሉ መንገዱ በጠላት ተይዞ ነበር። ይህን ለእኔ ያልነገሩኝን፣ ለማያውቁት ወጣት በልጅነት ቋንቋቸው ነገሩት። ቶለሳም «ጋሼ፣ ጉልላት ቀድሞዎት ወጥቷል፤ ቤቱ ገብቷል፤ እኛም እንሂድ» ይላቸው ነበር። «እርግጠኛ ነህ?» ሲሉት «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላቸዋል። ያኔ እሺ ብለው ይከተሉታል።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ባለቤቴ አርባ ሰባት ዓመት የተሸከሙትን እኔ ሚስታቸው ላወርድላቸው አልቻልኩም። ይህ ልጅ ግን በየማለዳው ያወርድላቸው ነበር። ሲሞቱ በአፋቸው ላይ የነበረውም እሱ ያጽናናቸው ቃል ነው።

ወ/ሮ ሪሐና ቪዲዮውን ተቆጥተው ካሠራጩት አንዷ ነበረች። ይህን ስትሰማ እያለቀሰች ከስልኳ አጠፋችው። የጠፋው ግን ከእሷ ስልክ ብቻ ነው።

10. ትምህርት ቤቱ የሕዝቡን ቁጣ አይቶ ቶለሳን «በቸልተኝነት ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆኗል» በማለት አሰናበተው። እኔን የጠየቀኝ የለም። አትክልት ሻጯንም የጠየቃት የለም። ያ ቃል በመሰናበቻው ላይ ስለሰፈረ ሌላ ቦታ ጥበቃ ሆኖ መቀጠር አልቻለም። ባለቤቱ የደረሰች ነፍሰ ጡር ናት። እሱ በየሕንፃው ድንጋይ እየተሸከመ ይውላል። እንዲያም ሆኖ ወደ ሥራ ሲያልፍ በሬን አንኳኩቶ «እማማ፣ አደሩ?» ሳይለኝ አይሄድም። አድሬያለሁ እለዋለሁ።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱ በአዲሱ ዓመት መክፈቻ ሜዳውን በባለቤቴ ስም እንደሚሰይምና መጋረጃውን እንድገልጥ ጋብዞኛል። ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስማቸውን ግድግዳ ላይ እየሰቀሉ የመጨረሻ ወዳጃቸውን ሜዳ ላይ መጣል እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም። ልጁ ካልተመለሰ በዚያ በር አልገባም፤ መጋረጃውንም ሌላ ሰው ይግለጠው።

ደንቡ ይሻር አልልም፤ ለሐዘኔም ካሣ አልፈልግም። የምጠይቀው፦

ሀ) ቢሮዎ እኔን፣ አትክልት ሻጯንና በዕለቱ የነበሩትን ሠራተኞች ሰምቶ ጉዳዩን እንደገና እንዲያጣራ፤

ለ) ወጣት ቶለሳ ሾዴ ወደ ሥራው እንዲመለስ፤ ይህ ባይቻል እንኳ «በቸልተኝነት» የሚለው ቃል ከመሰናበቻ ማስረጃው እንዲሰረዝለት ነው።

ውሳኔው ወደ እኔ ከመላኩ በፊት ለእሱ እንዲነገረው አደራ እላለሁ። ስልኩን ስለሸጠ ደውለው አያገኙትም። ማለዳ ግን የቀን ሠራተኞች ከሚቆሙበት ከድልድዩ ራስጌ አይጠፋም። ረጅም ነው፤ አረንጓዴ ሹራብ ይለብሳል። የመምህር ነገራን ቤት የሚያውቅ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ተነሥቶ መንገድ የሚመራችሁ እሱ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ወለተማርያም ስብሐት
(ፊርማ)

የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ ምስክር፦ ሪሐና ሸምሰዲን (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለድልድይ በር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ለወጣት ቶለሳ ሾዴ፣ በእጅ የሚሰጥ