ሂኮኔ ሳለሁ የደበቁኝ

እሑድ፣ መጋቢት 14 — ዌምብሊ፣ ለንደን

ሻንጣ ሳዘጋጅ ዋልኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ... ልጄ ሚካል "እማ፣ ልብስ ያዢ እንጂ መርካቶን ተሸክመሽ አትምጪ" ትለኛለች። እንግሊዝኛ የምታስተምርበት የጃፓን ከተማ ሂኮኔ ይባላል። ጥንት የመሳፍንት መቀመጫ ነበር አሉ፤ ግንቡ እስካሁን ቆሟል። ወንድሜ መኩሪያ ከሐዋሳ ደውሎ ሳቀብኝ። "ጎንደር ተወልደሽ ግንብ ፍለጋ ጃፓን?" ቅናት ነው! ፎቶ እልክልሃለሁ አልኩት። የምሠራበት የፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ሆሊደይ ሰጥቶኛል። ለትንሽ ጊዜ ሳንድዊች አላይም፣ ተመስገን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23 — ሂኮኔ

ግንቡ ላይ ወጣን። ጫማ ተወልቆ፣ በላስቲክ ተይዞ ነው የሚወጣው። ደረጃ አይሉት መሰላል... ጉልበቴ አለቀ። ከላይ ግን ሐይቁ! ምሳ ላይ ሚካል ሾርባው የጾም ነው አለች። ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ። ሩዜን በላሁ።

ለመኩሪያ ፎቶ ላክሁ። አላየውም። ሥራ ይዞት ይሆናል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ጋሽ ገብረመድኅን ከለንደን ደወሉ። የማኅበራችን ሽማግሌ፣ ለእኔ ደውለው አያውቁም። "በልተሻል ልጄ? ከሚካል ጋር ነሽ? መቼ ነው የምትመለሺው?" አልታየሽ የምትባለው ጎረቤቴም ደወለች። "ኤርፖርት እንቀበልሻለን።" መቼ ተቀብላኝ ታውቃለች?

ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። መርዶ ያፈነ ሰው ድምፅ ነው። ሰው አገር ሆና አትስማ ብለው ነው... እኛም ለሌላው እንዲሁ እናደርጋለን።

ግን ማን? እማዬ ናት? የልብ ኦፕሬሽን ካደረገች ገና ወሯ ነው። ጎንደር ደወልኩ፤ የአጎቴ ልጅ ሳባ አነሳች። "ተኝታለች።" በጠራራ ፀሐይ? መኩሪያም አያነሳም። እማዬ ጋ ሄዷል ማለት ነው... ወይኔ እናቴ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ሚካል የጥንት ወታደሮች ሰፈር አዞረችኝ። ነጭ ግድግዳ፣ ጠባብ መንገድ። ምንም አልታየኝም። "ንገሪኝ" አልኳት። "አይ ዶንት ኖው፣ እማ፣ ሲሪየስሊ" ብላ ፊቷን አዞረች። ታውቃለች! ለመንኳት፣ አለቀስኩባት። ቲኬቱን ልቀይር ብል ቦታ የለም። ምን ላድርግ? በእግሬ አልሄድ...

እሑድ፣ መጋቢት 28 — ዌምብሊ

ትናንት ከኤርፖርት አመጡኝ። እራት አበሉኝ፣ ተኚ አሉኝ። ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ገብረመድኅን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው ሰው ሁሉ።

መኩሪያ ነው። መኩሪያዬ! ማክሰኞ ሐዋሳ ላይ መኪና ገጨው። ተቀብሯል። እኔ ሳልኖር...

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት። ለቅሶው ቀጥ አለ። አልታየሽ ጆሮዬ ላይ "አልሰማችም፣ ሐኪሙ ከልክሏል" አለችኝ።

"ደህና ገባሽ ልጄ? ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

"ጉንፋን ነው፣ እማዬ።"

"መኩሪያ ጠፋብኝ። ስልክ አያነሳም። ላንቺስ ደውሏል?"

ሰው ሁሉ ያየኛል።

"ደውሏል። ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማዬ። ሰላም በይልኝ ብሏል።"