ጣውንቴ የጎርጎራ ግንብ

ይድረስ ለምወድህና ለተቀየምኩህ ለባለቤቴ ለአበራ፤

አንተ ባለህበት ሕመም የለም ይላሉና ጤናህን አልጠይቅህም። እኔና ምሕረት ካንተ ናፍቆትና ከእኔ ቅናት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው በረዶ መውረድ ጀመረ። ሌላዋ ሴት ለሞተ ባሏ ስትጽፍ ከቅናቱ አስቀድማ እንባዋን ትጽፍ ነበር። ምን ላድርግ፣ አመሌን አግብተህ ታውቀዋለህ።

ቤታችን ያው እዚህ ካናዳ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ፎቅ ላይ ነው። ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ እንደተበላሸ ነው፤ ሁለተኛውም ሲያሻው ነው የሚሠራው። እኔ የሆቴሉን ጽዳት ትቼ አረጋውያን መጦሪያ ገብቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ እንደ አንተ ናቸው፣ ምግብ ቀርቦላቸው ሌላ ነገር ያስባሉ። ልጅህ ቁመቷ እኔን አልፏል። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትቆጣ ግን ቁርጥ አንተን ናት፣ ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች። የምግብ ጠረጴዛችንም እንደተወሰደ ነው። ያቺ ጣውንቴ አሁንም ተንሰራፍታበታለች።

መቼም ጣውንት ስልህ ማንን እንደሆነ ታውቃለህ። ፖርቱጋሎቹ ጋ ድራይዎል፣ ያንን የጀሶ ግድግዳ፣ መሥራት እንደጀመርክ አንድ ቀን የተራረፈ ጀሶ በላስቲክ ቋጥረህ ገባህና የጎርጎራዋን ማርያም ግንብ በትንሹ ልሠራት ነው አልከኝ። የአንድ ሰሞን ጨዋታ መስሎኝ ጠረጴዛውን ለቀቅኩልህ። እሷ ግን እንግዳ ሆና መጥታ ባለቤት ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሦስታችንም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን ነው የበላነው፤ ጀሶውም ከምንጣፉ እስከ ወጡ ያልገባበት የለም።

ታሪኳንም እንደ ዘመድ ታሪክ ታወራኝ ነበር። ጎንደር ላይ ታሪክ ያስተምር የነበረ ሰው እዚህ ተማሪ ቢያጣ ሚስቱን አገኘ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ንጉሡ የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ ከባሕር ማዶ የመጡትን ካህናት እምነት ተቀበለና ጣና ዳር፣ ውሃው በከበባት ምድር ላይ፣ የካቶሊክ ካቴድራል አሠራ። ኖራ አቃጥለው ድንጋዩን ከድንጋይ አጣበቁ፤ ጣሪያውን ያለ እንጨት፣ በድንጋይ ቅስት ከደኑት። ቅስቱን በአራት ማዕዘን ከፋፍለው በየማዕዘኑ አበባ ቀረጹ፣ መሠዊያው ዘንድ ግድግዳውን ዛጎል አስመስለው ፈለፈሉት፣ ደረጃውን ሽቅብ ለወጣ ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት ማማም አቆሙ። ከዚያ አገር ተቆጣ፣ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ፣ ንጉሡም የወገኑ ደም ሲከብደው ሃይማኖቱን መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። ካህናቱ ተባረሩ፣ ካቴድራሏም ለሾላ ሥርና ለሌሊት ወፍ ቀረች። ይኼን ስትነግረኝ ድምፅህ ይለሰልስ ነበር፤ እኔን አናግረኸኝ በማታውቀው ድምፅ።

መጀመሪያ ባሌ ኮተለከ እንዴ ብዬ ሰጋሁ። የጸረ ማርያሞቹ ቤት ተመልሳ በማርያም ስም መጠራቷ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ የሃይማኖት እንዳልሆነ ገባኝና ባሰብኝ። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ነጭ ለብሼ ስወጣ አንተ ጎንበስ ብለህ በጥርስ ብሩሽ አበቦቿን ትጠርጋለህ። ፀጉሬን ተሠርቼ ስገባ ቀና ብሎ ያላየኝ ሰው የሷን የአበባ ቅጠል አንድ በአንድ ያስተካክላል። ጣሪያዋ የወደቀ አሮጊት ትብለጠኝ? አዎ፣ በድንጋይ ቀናሁ። አላፍርም።

ከዚያ ደግሞ ሥጋና ደም ያላት መጣች። ግራሳ፣ ዳንዳስ መንገድ ላይ ዳቦ ቤት ያላት ፖርቱጋላዊት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ እሷ ጋ ትገባለህ፤ የአገሯን ቤተ ክርስቲያኖች ፎቶ ታሳይሃለች፣ አበባው እንዲህ ነው ዛጎሉ እንዲያ ነው ስትባባሉ ይመሻል። ይዘህልን የምትመጣውን የእንቁላል ኬክ ለምሕረት እየሰጠሁ እኔ በአፌ አላዞርኩትም። በጣም ይጣፍጣል ብላኛለች።

ልብህ ሥራ ላይ ድንገት ከዳችህና ለቅሶ ተቀመጥን። ግራሳ ለቅሶ ልትደርስ መጣች፤ ሻርፗ ጥቁር፣ ቀሚሷ ጥቁር፣ ካልሲዋ ሳይቀር ጥቁር። ለለቅሶ ወግ ነው ብዬ ዋጥኩት። በአርባህ መጣች፣ ያው ጥቁር። በሙት ዓመትህ እኔ ጥቁሬን አውልቄ ነጭ ለብሼ ብቅ ስል እሷ የኋላው ወንበር ላይ በጥቁሯ ተቀምጣለች። የማኅበራችን ሴቶች መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ቀጥለው እኔን። እትዬ አስካለ፣ እንደምታውቃቸው ሹክ ሲሉም አዳራሹ ይሰማል፣ «ይቺ ሴትዮ ለማን ነው የለበሰችው?» አሉኝ። ጥቁር ለባዳ ዓመት እንደማይለበስ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሐዘኔን ተቀማሁ አበራ። ባሌን ብትካፈለኝ አንድ ነገር ነው፣ በሐዘኑ ትብለጠኝ?

ከዚያ ወዲያ ወራት አለፉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ያንን ጥቁር ይዤ ቀረሁ። ሥራ ላይ አልጋ ሳነጥፍ፣ ባስ ስጠብቅ፣ ሳልናዘዝ ስቀር እሱን ነው የማስበው። ምሕረት ሲሰለቻት «ማሚ፣ ጀስት አስክ ኸር!» አለችኝ፣ በቃ ጠይቂያት ማለቷ ነው። ለልጅ ቀላል ነው። የምሰማው መልስ ያስፈራኝ ነበር፤ አሥር ጊዜ ብጠረጥርህም ጥርጣሬ ነው፣ አንድ ጊዜ አዎ ካለችኝ ግን እስከ ዛሬ የኖርኩት ትዳር የማን እንደነበር አላውቅም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ በዳንዳስ ትራም ሳልፍ በመስኮት አየኋት። ደጇን ትጠርጋለች፣ በዚያው በጥቁሯ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም አልኩና ወረድኩ። ባሌ ምንሽ ነበር አልኳት፣ ሰላምታም ሳላስቀድም። እንግሊዝኛዬ ስናደድ እንደሚጠፋብኝ ታውቃለህ፤ ቀሚሷን በጣቴ እያሳየሁ ለማን ነው፣ ለማን ነው እላለሁ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መጥረጊያውን ጥላ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ክንዴን ይዛ አስገባችኝና ከገንዘብ መቀበያው በላይ የተሰቀለ ፎቶ አሳየችኝ፤ ጢማም ግንበኛ፣ ባሏ፣ ካናዳ ሳትመጣ የሞተባት። በነሱ መንደር ባል የሞተባት ሴት ጥቁሯን እስክትሞት አታወልቅም አለችኝ። እናቷም እንዲሁ ነበረች። እኔ ጥቁሯን ስቆጥርባት እሷ ለካ በኔ ስታዝን ኖራለች፣ ምስኪን አበራን ሚስቱ በዓመቱ ረሳችው ብላ!

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ስለዚያች ግንብ ብቻ ነበር የምታወሩት አልኳት፣ እፎይ እያልኩ። ስለ ግንቧስ ጥቂት ነው፣ ይበልጡን ያወራኝ ስላንቺ ነው አለችኝ።

ጠረጴዛችን ላይ ያለችው ግንብ አንደኛው ግድግዳዋ ከፊት ለፊቱ ካለው በጣት ያህል እንደሚረዝም አቧራ ስጠርግ አይቻለሁ፤ የችኮላ ሥራ ነው ብዬ በሆዴ ስቄብሃለሁ። ግራሳም አይታው ኖሮ ትክክለኛውን ልክ ከመጽሐፍ ፈልጋ ሰጥታህ ነበር። እምቢ አልካት። በተጋባን በወሩ ከባሕር ዳር በጀልባ ጎርጎራ ወስደኸኝ፣ ሜትር ረስተህ፣ የሠርጌን ነጠላ ጫፍ አስይዘኸኝ የለካነው ልክ ነው ብለሃታል። ያን ቀን በሩ ሥር ቁሚ ብለኸኝ ፀሐይ ፊቴን እያቃጠለኝ ቆምኩ፤ አንዱን ግድግዳ ስትለካና ስትደግም እግሬ ደነዘዘ፣ ነጠላዬ በድንጋዩ ሽበት ቆሸሸ፣ ለድንጋይ ብሎ አቆመኝ ብዬ ቂም ይዤ ተመለስኩ። ለግራሳ ግን ቁጥሩ የጠፋብኝ ሚስቴን ሳይ ነው፣ ደጋግሜ የለካሁትም ከዚያ በር እንዳትሄድብኝ ነው አልካት።

አበራ! ለምን ለእኔ አላልከኝም? ጭኔ ላይ ሳህን አድርጌ ያን ሁሉ ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። በአማርኛ ለሚስትህ ያልወጣህ ቃል በስብርባሪ እንግሊዝኛ ለዳቦ ሻጭ ወጣህ። ትራሙ ውስጥ ስመለስ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ከደስታው ብስጭቱ በለጠ። ከግንቧ ጋር ታርቄያለሁ። ግራሳንም በመልኳም በጥቁሯም አልቀናባትም። አሁን የምቀናው በጆሮዋ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ መሄድ ጀምሬያለሁ። ሁሉን በአንዴ አትነግረኝም፤ ዳቦ እየመዘነች፣ ትዝ ሲላት፣ አንድ አንድ ነገር ጣል ታደርግልኛለች። ትናንት ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈኔን አንተ ትወደው እንደነበር ነገረችኝ፤ እስከ ትራሙ ድረስ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ ገና ያልሰማሁትን ምን ብዬ እረሳለሁ? ቃሉ የእኔ ነበር፣ እሷ ጋ በአደራ ተቀምጦ ነው። አንድ ሳይቀር ከእሷ ተቀብዬ እስክጨርስ ለእኔም ለእሷም ዕድሜ ይስጠን።

ቀናተኛዋ ሚስትህ፣
ጥሩነሽ