የሄስተር የወረቀት ዘውድ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1797

ይድረስ ለባልንጀራዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የተቃጠለው እጅሽስ ሻረልሽ? እኛ እንዳለን አለን፤ እናቴ ብቻ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ይህን ለመጻፍ ፈርቼ ነበር። ፊት ለፊት መናገር ግን ጭራሽ እንደማልችል ታውቂያለሽ።

በቀብሯ ዕለት ከሬሳ ሣጥኗ ፊት የተያዘው የእህቴ የሄስተር ዘውድ ከመዘምራኑ ሰገነት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የወረቀት አበቦቹንም ነጫጭ ጓንቶቹንም የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ነገ ከተንጠለጠለ ሦስተኛው እሑድ ነው። ቄሱ እንደ ልማዱ፣ «በዚህች ልጅ ድንግልና ላይ ቃል ያለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ዝም ካለ፣ ሳያገቡ ከሞቱት ከድሮዎቹ ልጃገረዶች ዘውድ ጎን ግድግዳው ላይ ለዘላለም ይሰቀላል። አንድ ሰው ከተነሣ ግን ወርዶ ይቃጠላል። እናቴም ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አትረግጥም።

ባለፈው እሑድ እናትሽ በሩ ላይ ቆመው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ለዚያ እጅ ነጭ ጓንት! ጥቁር ወረቀት ጠፍቶ ነው?» አሉ። የደወል ደዋዩ ሚስት፣ «ኧረ እትዬ፣ ሙት አይወቀስም» ብትላቸው፣ «በቁሟ የሚወቅሳት ጠፍቶ አይደል እንዲህ የሆነችው! ቆዩ፣ የሚመጣው እሑድ እነሣለሁ» ብለው ሳቁ። ሴቶቹም ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ፤ አይቼሻለሁ።

እናትሽ ለምን እንዲህ እንዳሉ ይገባኛል። የወፍጮ ቤቱ ጆብ ሄስተርን ትቶ አንቺን ያጨው እሷ ባለጌ ስለሆነች ነው እንዲባል ይፈልጋሉ።

እኔና ሄስተር የምንተኛው በአንድ አልጋ ነበር። አስከሬኗንም ያጠብነው እናቴና እኔ ነን። ትኩሳት ገደላት ብለናል፤ አንቺም እንደዚያው በይ። ጆብ «መድኃኒት ነው» ብሎ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ያቀበላት ጠርሙስ ግን ሳጥኔ ውስጥ አለ። ጨርሳ አልጠጣችውም።

ነገ ቄሱ ስለ ዘውዱ ከጠየቁ በኋላ ልትጋቡ ስለሆነ የአንቺንና የጆብን ስም ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ በምእመኑ ፊት ይጠራሉ። «ይህን ጋብቻ የሚቃወም አለ?» ይላሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ እኛ ነው፤ ቀጥሎ ስለ እናንተ። ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው።

እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክልሽ፤ የልጅ እናት ያድርግሽ። ምናልባት ትኩሳት ቢይዝሽ፣ ጆብ የሚያመጣልሽን አትጠጪ።

በቤተ ክርስቲያን ድምፄን የሰማ ሰው የለም። ነገ ጠርሙሱን በመሐረብ ጠቅልዬ ከእናትሽ ወንበር ኋላ እቀመጣለሁ። እሳቸው ካልተነሡ እኔም አልነሣም።

የልጅነት ባልንጀራሽ