አሮጊቷ በበሩ አላልፍም ያለች ቀን

ይድረስ ለረጅሙ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ሰውነትህስ ሞላ፣ ወይስ አሁንም እንደ ዘይት መለኪያ ዘንግ ቀጥ ብለህ ነው ያለኸው? ካምፑ አከሳኝ እንዳትል ብቻ፤ ከዚህ ስትሄድም የሚከሳ ሥጋ አልነበረህም። ናፍቆቴን በበርሜል ልልክልህ ብዬ ነበር፤ የቦቴው ሹፌር ከነዳጅ ሌላ አልጭንም ስላለኝ በወረቀት አድርጌዋለሁ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። አጎታችን ከአመሉ በቀር ደህና ነው፤ አሁንም ብየዳው ካላማረ የሚሰድበው ብረቱን ነው። ጋሼ ፍሬቻም ደህና ናቸው። ሹፌርነቱን በጡረታ ቢተዉም በእግራቸው ሲሄዱ ወደ ግራ ሊታጠፉ ሲሉ እጃቸውን ማውጣት አልተዉም፤ ጋራዣችን በር ላይ ሲደርሱማ ቆመው ግራ ቀኝ አይተው፣ ለሚያልፈው ውሻ ቅድሚያ ሰጥተው ነው የሚገቡት። አባዬ ደግሞ ልጽፍልህ መሆኑን ሲሰማ «ደህና ነኝ በዪው» ብሏል። እኔም እንደታዘዝኩት ብዬሃለሁ።

አንድ ነገር እንዳልጽፍልህ ግን አስምሎኛል። መሐላውንም ራሱ ነው የመረጠው። «ወንድሜ ይሙት በዪ» አለኝ። ወንድሜ ይሙት አልኩ። እንግዲህ ቢያመልጠኝ የምትሞተው አንተ ነህ። ስለዚህ ለሕይወትህ ስል ስለ መኪናዋ፣ ስለ አሮጊቷ ብቻ ነው የምጽፍልህ። አንተስ ቢሆን ሌላ ምን ትጠይቃለህ? ባለፈው በላክኸው ወረቀት የእማዬን ጉልበት፣ የእኔን ትምህርት፣ የአሮጊቷን ካምቢዮ ጠየቅህ። ከቤቱ አንድ ሰው ዘለልህ። ያ ሰውዬ ወረቀቱን ደግሜ እንዳነብለት አደረገኝ፤ ከዚያ «ገልብጪው እስቲ፣ ከጀርባው ይኖራል» አለኝ። ከጀርባው ምንም አልነበረም።

የተጣላችሁበት ቀን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንተ የአሮጊቷን ሥዕል በጠመኔ ግድግዳው ላይ ስለህ፣ ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር ወጥቶ ከላዩ ይቀመጥ፣ ቁመቷ ይጨምር፣ ጎማዋ ይተልቅ፣ ወንዝ ስትገባ ሞተሯ ውኃ እንዳይስብ አየር የምትወስድበት ቱቦ እስከ ጣራዋ ይውጣ ስትል፤ አባዬ «የሠሯት ሰዎች አላበዱም! መኪና ናት እንጂ ግመል አይደለችም» ሲል፤ አንተ «አንተ የምታውቀው መንገድ ያለበትን ብቻ ነው» ስትል፤ እሱ «እንግዲያው መንገድ የሌለበት ሂድ!» ሲል። ወንድም ጋሼ፣ አባትህ በቀን ስንት ነገር ያዝዛል፤ ከዚያ ሁሉ መርጠህ ይህችን ትታዘዛለህ? እጅህን ሳትታጠብ አትብላ ሲልህስ ታዝዘህ ታውቃለህ?

አገኘኸውም። ስልክ የማይሠራበት የጉድጓድ ቆፋሪዎች ካምፕ! አውቶቡስ ወንዙ ዳር ሰው አራግፎ የሚመለስበት፣ ነዳጁ እንኳ በበርሜል ሆኖ በጀልባ የሚሻገርበት።

አሁን ወደ መኪናዋ። ዝናቡ እንዳባራ አንድ ጠዋት አባዬ ሸራውን ከአሮጊቷ ላይ ገፈፈና «ደንበኛ አግኝቻለሁ» አለ። አጎታችን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ደጁን አየ። የታል ሲለው፣ ሩቅ ነው ያለው አለ። ምን ይሠራልኝ አለ ሲለው፣ አባዬ ሄዶ ያንን የጠመኔ ሥዕልህን በጣቱ እየተከተለ ነገረው። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ። ጎማው ትልቅ። ቱቦው እስከ ጣራ። አጎታችን አፉን ከፍቶ ቀረ። ሥዕሉ እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ እንዳትል፤ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ አባዬ ቀቢውን በዙሪያው እንዲያልፍ አድርጎታል። አሁን ሥዕልህ መሀል ግድግዳ ላይ በአሮጌው ቀለም ላይ ብቻውን ቆሟል።

«ይህ ደንበኛህ ስም የለውም እንዴ?» አለ አጎታችን።

«አለው።»

«ማን ይባላል?»

«ያንን ቡሎን አጥብቀው።»

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ በሙሉ የአባዬ ሆነ። ጋሼ ፍሬቻ መጥተው መኪና እንዲህ ከፍ ካለ ይገለበጣል ሲሉት፣ አባዬ «እርስዎ የሚያውቁት መንገድ ያለበትን ብቻ ነው» አላቸው። እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ነበር፤ በሳቅ ብዛት ግራሶ ዋጥኩ።

አዎ፣ መኪናዋ ሥር የምተኛው እኔ ነኝ አሁን። ቱታህንም እኔ ነኝ የምለብሰው። እግሩን አጥፌ አጥፌ ጉልበቴ ላይ እንደ ጎማ ሆኗል። አባዬ ከላይ ሆኖ በእጁ ይዳስስና «ይቺ የቡሎን ዳዶ ጥርሷ አልቋል፣ ቀይሪያት» ይለኛል፤ ሳየው እውነትም አልቋል። ቁጥር የሚነበብ ነገር ሲኖር ግን «አንቺ አንብቢልኝ፣ እጄ ግራሶ ነው» ይላል። ሁልጊዜ ግራሶ ነው። ከታጠበ በኋላም ግራሶ ነው። ደግሞ ከአምፖል ጋር ተጣልቷል። ይሄኛው ደብዛዛ ነው፣ ያኛው ውሸታም ነው እያለ ያስቀይረኛል፤ የመብራት ዕቃ ሻጩ ዘንድሮ ልጁን የሚድረው በእኛ ገንዘብ ነው።

አንድ ቀን እንዲያውም ከውጭ ገባና ጥግ ላይ ለቆሙት ለጋሼ ፍሬቻ «እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ከሚያዩን ያቺን ባልዲ ቢያቀብሉን ምን አለበት?» አላቸው። መልስ የለም። «አሁንማ መስማትም ተዉ!» ብሎ ተቆጣ። ያልመለሱት ምስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርታቸው ብቻ ስለነበረ ነው፤ ባለቤቱ ከጀርባ በኩል ሽንት ቤት ነበሩ። ተመልሰው ሲሰሙ ካፖርቴ ከእኔ ይሻላል፣ ቢያንስ አይቀመጥም አሉ። አጎታችን ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ግን ሄዶ የካፖርቱን እጅጌ በእጁ ዳሰሰ። «አምፖሉ ነው» አለኝ። ቀየርኩለት።

እንዲህ እንዲህ እያልን አሮጊቷ አለቀች። ብታያት! በዚህ ዕድሜዋ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ነው የምትመስለው። እማዬ እንኳ ጉልበቷን እያሸች መጥታ አየቻትና «ይቺንስ ለመሳፈር መሰላል ያስፈልጋል» አለች። ከዚያ ሥዕልህን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ወደ ጓዳ ገባች።

ሞተሩ ተነሣ። አጎታችን ከውጭ ሆኖ በግራ እጁ ነይ ይለኛል፣ ጋሼ ፍሬቻ በቀኝ እጃቸው ቁሚ ይሉኛል፣ እኔ መሪ ላይ ነኝ። (አትደንግጥ፤ አባዬ ነው ያስተማረኝ። ለምን እንዳስተማረኝ አትጠይቀኝ፤ ምያለሁ።) የኋላ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ስለቅ፣ ከላይ «ጓ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጣራዋ ከበሩ ጉበን ጋር ተላተመ።

አየህ፣ ከፍ አደረግናት፣ ከፍ አደረግናት፣ ከፍ ካደረግናት ወዲያ በየት እንደምትወጣ ማንም አላሰበም! ሁላችንም በአባዬ ዓይን ተማምነን ነው። ታውቀው የለ፤ ዓይኑ ሜትር ነው ይባል አልነበር? አጎታችን ሥራው ሲጀመር ሜትር ሊያወጣ ሲል «ሜትር ለተማሪ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ታልፋለች» ብሎ መለሰው። እንኳን ልታልፍ! ከበሩ አራት ጣት ሙሉ ትበልጥ ነበር።

ከዚያማ ምክር እንደ ጉድ ዘነበ። አጎታችን ጣራዋን ቆርጬ መልሼ እበይዳለሁ አለ። ጋሼ ፍሬቻ በእኛ ዘመን በር የሚሠራው መኪና ታይቶ ነበር አሉ። እኔ የአራቱንም ጎማ አየር አስተነፍሰን ሰው እንጫንባት አልኩ። አየሩን ለቀቅነው። አጎታችን ከመንገድ ሰው ጠርቶ ከኋላ ጫነ፤ እንጀራ ፍለጋ የሚሄደውን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን፣ የመብራት ዕቃ ሻጩን ጭምር። ወፍራም ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ጋሼ ፍሬቻ «እርስዎ! እርስዎ ይጠቅሙናል!» እያሉ ይጠራሉ። አንዲት ሴትዮማ ተቀይማ ሄዳ፣ ነገሩን ስትረዳ ባሏን ይዛ ተመለሰች። አሮጊቷ ተንበረከከች። ቀለሟን እያስፋቀች፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ በሳቅና በጩኸት ወጣን።

ከመኪናዋ ወርጄ አባዬን ስፈልገው እውስጥ ነበር። በርሜል ላይ ቆሞ ጉበኑን በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ይዳብሰዋል። «አይቼዋለሁ ብዬ ነበር እኮ» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ። ውጭ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነበር።

ጎማውን ነፍተን ልንሞክራት አንተ እየሾለክህ ወደምትሄድበት ወደ ድንጋይ ማውጫው ወጣን፤ እኔና እሱ ብቻ። ወንበሩ ችግር ሆነብኝ። አጎታችን በአባዬ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ በይዶታል፤ እግሬ ፍሬን ላይ የሚደርሰው ትራስ ጀርባዬ ላይ ሳደርግ ብቻ ነው። ትራሱ ያንተ ነው። እማዬ አልጋህን በየሳምንቱ ታነጥፈዋለች፣ ማንም አይተኛበትም፤ ትራሱን ስወስድባት ግን አልተቆጣችም።

ገደሉ ላይ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። «የኋላው ግራ ጎማ አየር ላይ ነው፣ ነዳጅ አትስጪ፣ መሬት ትንካ» ይለኛል። አንገቴን አውጥቼ ሳይ እውነቱን ነው። «ከባዱን ማርሽ አስገቢ፤ አሁን መሪውን ልቀቂላት፣ እሷ ታውቃለች።» ወንድም ጋሼ፣ አሮጊቷ በዚያ አቀበት ላይ እንዴት እንደወጣች! አንዱ እግሯ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዱ ቋጥኝ ላይ፣ ሆዷ ምንም ሳይነካ። አንተ ያልከው ሁሉ ልክ ነበር። ይህንን እኔ አይደለሁም ያልኩት። አፋፉ ላይ ስንደርስ አባዬ ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርጎ «ልክ ነበር» አለ። ማን እንደሆነ አልተናገረም።

ከዚያ ወንዙ ይታያል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይታያል፣ እንደ ክር አልኩት። ማዶውስ? ማዶውም ይታያል፣ አቧራ አለ አልኩ። «መኪና ነው?» አለኝ። ንፋስ ነው አልኩት። እሱም አብሮኝ ብዙ አየ። ወንዙ በቀኛችን ነበር፤ እሱ የሚያየው ወደ ግራ ነበር። (መሐላዬን አላፈረስኩም፤ የጻፍኩልህ ስለ ወንዙ ነው።)

ስንመለስ ወንበሩን ነቅለን ወደ ፊት እናስጠጋው ብዬ ለመንኩት። «ተይው» አለኝ። «ደንበኛው ረጅም ነው።»

«አባዬ፣ ያንተ እግርም እኮ ፍሬኑ ላይ አይደርስም» አልኩት።

«የእኔ መድረስ ምን ያደርጋል» አለ።

 ትራሱን ወደ ጀርባዬ አስጠጋሁት።

አሮጊቷ አሁን ደጅ ናት። ወጣች እንጂ መግቢያ የላትም። አጎታችን ደጅ ትደር፣ ማን ይሰርቃታል፣ ሌባው ለመሳፈር መሰላል ይዞ መምጣት አለበት ሲል፣ አባዬ ተቆጣ። «ወጥቶ መመለሻ የሌለው ነገር ከቤቴ አይወጣም» አለ። በነጋታው ግንበኛ ጠራ። ጉበኑ ፈርሷል፤ አዲሱ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፣ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። በዚህኛው ሥራ ሜትር ይዤ የለካሁት እኔ ነኝ። አሮጊቷ በሰላም ትገባለች። አንተም፣ ጎንበስ ሳትል።

ወንዙ ጎድሏል አሉ። ጀልባው ነዳጅ ካሻገረ አንድ ዘንግ የሚያህል ሰው አያቅተውም። ወዲህ ማዶ ስትደርስ ቆመህ ጠብቀኝ፤ ትራሴን ይዤ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ስትመለስ አንተ ትነዳለህ፤ አባዬ መሀል ይቀመጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስህተትህን እየነገረህ። ብቻ ቶሎ ና። ለምን ቶሎ እንደምል አልነግርህም። አንተ ዓይን አለህ፤ መጥተህ እይ።

እማዬ ጉልበቷን ይዛ ትባርክሃለች፤ አጎታችን ብረቱን መስደቡን አቁሞ ሰላም ይልሃል፤ ጋሼ ፍሬቻ መታጠፊያው ላይ እጅህን አውጣ ይላሉ። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። መንገድ ከሌለም አሮጊቷ አለችልህ።

የደንበኛው ታናሽ እህት