የእናታችን ጥያቄ በረቂቁ ስብሰባ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእታለም ይታይሽ፣
ድሬዳዋ

እንደምን ከረምሽልኝ? የጉልበትሽ ሕመም የድሬዳዋ ሙቀት ሻል አደረገልሽ ወይስ ባሰብሽ? አቶ ሀብቱስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቆሰበር ጉም ለብሳ ከርማለች፤ ከዘንገና በኩል የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይሰብራል። የእናታችን ድንች ግን ዘንድሮ አምሯል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት በሹፌሩ በሸጋው እጅ ቢደርስሽ ይሻላል ብዬ ነው። ስታነቢው ምክንያቱ ይገባሻል።

ግንቦት ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ ከእናታችን ጋር ባቄላ እየፈለፈልን፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረውን የአሜሪካኖችን ታሪክ አጫወትኳት። ከእንግሊዝ ንጉሥ ከተላቀቁ በኋላ መሪ ያስፈልገናል፣ ንጉሥ ግን አይሁንብን ብለው አንድ አዳራሽ ውስጥ መስኮት ዘግተው በጋውን ሙሉ እንደተከራከሩ ነገርኳት። ጦሩን ፕሬዚዳንቱ ይዘዝ፣ ጦርነት የሚያውጀው ግን ምክር ቤቱ ይሁን አሉ። ሕግ አልፈርምም ማለት ይችላል፤ ከምክር ቤቱ ሰዎች ከሦስት ሁለቱ እጅ ከጸኑ ግን ሕጉ ያለ እሱ ይጸናል። ቢያጠፋም አንዱ ምክር ቤት ይከሰዋል፣ ሌላው ፈርዶ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስምንት ዓመት መርቶ ማንም ሳያስገድደው ወደ እርሻው ተመለሰ ስላት፣ እናታችን እጇን ከባቄላው አንስታ «እርሻውን ማን ሲያርስለት ኖረ?» አለችኝ። ባሮች አልኳት። እሷም «እንግዲያ ሕጋቸው ገና አላለቀም ነበራ» አለች።

ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን የገበሬ ማኅበራችን ሰው በረቂቁ ሕገ መንግሥት ላይ እንዲወያይ ተጠራ። አማርኛ የማይሰማው ብዙ ስለሆነ ካድሬው የሚለውን ወደ አገውኛ፣ ሕዝቡ የሚለውን ወደ አማርኛ እንድመልስ እኔ ታዘዝኩ። ካድሬው ፕሬዚዳንቱ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው የሚለውን አንብቦ ሲጨርስ፣ ከሴቶቹ ወገን አንድ እጅ ወጣ። የእናታችን ነበር።

«ቢያጠፋስ ማን ይመልሰዋል?» ብላ በአገውኛ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ካድሬው፣ ሕዝቡ የሚመርጠው ሸንጎ ይቆጣጠረዋል አላት። «እሺ» አለች፤ «እሱን እምቢ ያለው የሸንጎ ሰው፣ ያን ዕለት በደህና ቤቱ ይገባል?»

እታለም፣ ካድሬው አገውኛ አይሰማም። ሸንጎው ስንት ሰው አለው ትላለች ብዬ ብዋሸው ነገሩ ያልፍ ነበር። ነገር ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው የጠየቀችውን ሰምቷል፤ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። እሷም ታየኛለች። ቃል ሳልቀንስ እንዳለችው ተናገርኩት።

ካድሬው ፊቱ ተለዋወጠና «ይህን ማን አስተማራት?» አለኝ። እሷ ይህን ያህል አማርኛ መች ይጠፋታል፤ እኔን ሳትጠብቅ በተሰባበረ አማርኛዋ «ማንም። ባል ሞቶብኝ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። እምቢ የሚባልበትን ቤትና የማይባልበትን ቤት ለይቼ አውቃለሁ» አለችው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ እስክርቢቶ ቆሞ ነበር። ካድሬው ወደ ጸሐፊው ዞረና «ጻፈው» አለ።

በሳምንቱ ዳንግላ፣ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። አንድ ሸበት ያለ ኃላፊ ስለ አሜሪካ የማስተምረውን ሁሉ እንድጽፍ አዘዘኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ፤ የባሮቹንም ነገር አልዘለልኩም። አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ ጦሩ በእጁ እያለ ነው የሄደው?» አለኝ። ከእንግሊዝ ጋር ከተዋጉት ጦርነት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሹመቱ ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ትቶ ሄዷል አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ሂድ» አለኝ። ብፈራም፣ አልዋሽሽም፣ መንገዱን ሁሉ ልቤ ቀሎኝ ነበር የተመለስኩት።

በሐምሌ መጨረሻ ግን የዝውውር ደብዳቤ መጣልኝ። ከመስከረም ጀምሮ የማስተምረው ከቻግኒ ወዲያ፣ ቆላ ውስጥ ነው። መታሰርን ለጠበቀ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የከበደኝ ለእናታችን መንገሩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ እንዳታዝን ፈርቼ ሦስት ቀን ደበቅኳት። ስነግራት አላለቀሰችም። «እኔ ጠይቄ አንተ ብቻህን አትሰደድም» አለችና፣ ማሳዋን ለጎረቤታችን ለእንየው በአደራ ሰጠች። ከዚህ አገር ወጥታ የማታውቅ ሴት አሁን ቆላ ገብስ አይገኝም ብላ በሶ እያዘጋጀች ነው። እንድትቀር ብለምናት እምቢ አለችኝ። በእኛ ቤት ደግሞ እምቢ ይባላል።

እናታችን ግንባርሽን ስማለች፤ ወባ እንዳያስፈራሽ፣ ኪኒኑን ይዘናል። ለአቶ ሀብቱ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አምሳልን ሁለቱንም ጉንጭ፣ ትንሹን ደጉን እስኪስቅ ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ሽቱም ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ዋኘው
ቆሰበር፣ ነሐሴ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.